«ሪህ» የምንለው ስንት በሽታ ነው? የመገጣጠሚያ ሕመም ስሞች አመጣጥ

በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በጀሞ፣ ወጣ ካሉም በሱሉልታና በለገጣፎ መገጣጠሚያውን ያመመው ሰው ሁሉ የሚጠራው አንድ ስም ነው፤ ሪህ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የእግሩ አውራ ጣት ቀልቶና አብጦ፣ አንሶላ ሲነካው እንኳ የሚያስጮኸው ጎልማሳ «ሪሄ ተነሣብኝ» ይላል። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ እያሉ ሊጥ ማቡካት ያቃታት የ35 ዓመት ሴት «ሪህ ጀመረኝ» ትላለች። ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ደርሷቸው ደረጃው የፈተናቸው እማማም ሪህ ነው የሚሉት። ጉሮሮውን ታሞ ከዳነ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቱ ያበጠ ልጅ ይዛ የመጣች እናት ደግሞ «ልጅም ሪህ ይይዘዋል እንዴ?» ብላ ትጠይቃለች።

የአራቱም ሰዎች በሽታ ለየቅል ነው። የጎልማሳው ደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ በዝቶ መገጣጠሚያው ውስጥ ጠጥሯል። የሴቲቱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃው ከበሽታ ሊጠብቃት የሚገባው የገዛ ሰውነቷ መከላከያ ነው። የእማማ ልም አጥንት ሳስቷል። የልጁ ጉልበት በራሱ ይድናል፤ አደጋ ላይ ያለው ልቡ ነው።

የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ስለሆነ «ልጄ፣ እስቲ የሪህ መድኃኒት ስጪኝ» ሲባል ሳልሰማ የምውልበት ቀን ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ዳይክሎፌናክ ወይም ኢንዶሜታሲን ነው። እነዚህ ሕመም ያስታግሳሉ፤ ከአራቱ በሽታዎች ግን የአንዱንም ሥር አይነኩም። ለረጅም ጊዜ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲወሰዱ ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ፣ የደም ግፊትም ከፍ ያደርጋሉ። በዚህ ሕዝቡን ብቻ መውቀስ አይገባም። የሕክምናው ዓለም ራሱ እነዚህን በሽታዎች ሳይለይ ከ2000 ዓመት በላይ ኖሯል። ስሞቹ እንዴት እንደተወለዱና እንዴት እንደተለያዩ ያወቀ ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ ምን መጠየቅ እንዳለበትም ያውቃል ብዬ አምናለሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ወጥመድ፣ ጠብታ፣ ፈሳሽ፣ ንፋስ

የጥንት ግሪኮች አውራ ጣትን በድንገት የሚይዘውን ሕመም ፖዳግራ አሉት። የቃሉ ፊተኛ ክፍል እግር ማለት ነው፤ «አግራ» ደግሞ አድኖ መያዝ፣ ማጥመድ። ሕመሙ ሰውን እግሩን ይዞ ያስቀረዋል እንደማለት ነው። ይኸው ሕመም እጅ ላይ ሲወጣ ኪራግራ፣ ጉልበት ላይ ሲወጣ ጎናግራ ይሉት ነበር። እነዚህ ስሞች ስለ መንስኤው አንዳች አይናገሩም፤ ታማሚው የሚሰማውንና ሐኪሙ የሚያየውን ብቻ ይገልጻሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የኖረው ሂፖክራተስ ትምህርት ውስጥ ሴት የወር አበባዋ ሳይቆም ይህ ሕመም እንደማይይዛት ተጽፏል። ዛሬ ምክንያቱ ይታወቃል። ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ኩላሊት ዩሪክ አሲድን እንዲያስወግድ ያግዛል፤ የወር አበባ ሲቋረጥ ያ እገዛ ይቀራል። መንስኤውን የማያውቅ ጥሩ ተመልካች ምን ያህል ሊያይ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ስሞቹ ማሳሳት የጀመሩት መንስኤውን ለመናገር ሲሞክሩ ነው። የዘመኑ ሐኪሞች ሰውነት በአራት ፈሳሾች ይተዳደራል ብለው ያምኑ ነበር፤ በደም፣ በአክታ፣ በቢጫ ሐሞትና በጥቁር ሐሞት። ሰው ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውኃና ከመሬት ተፈጠረ የሚለውን የአራቱ ባሕርያት ትምህርት ለሰማ ኢትዮጵያዊ ሐሳቡ ሩቅ አይደለም። ከፈሳሾቹ አንዱ ሲበዛ ከላይ ወደ ታች ወርዶ መገጣጠሚያ ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል ተባለ። በላቲን ጠብታ «ጉታ» ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት አንድ የዶሚኒካን መነኩሴ ፖዳግራን በዚህ ስም ጠርቶ ጻፈ፤ ዛሬ ሐኪሞች «ጋውት» የሚሉት ስም የመጣው ከዚያው ከጠብታው ነው።

ሩማቲዝምም የዚሁ ሐሳብ ወንድም ነው። «ሬውማ» በግሪክ የሚፈስ ነገር ማለት ሲሆን፣ ከጭንቅላት የሚወርደው ንፍጥና አክታ በሰውነት ውስጥ እየተዘዋወረ ያሳምማል የሚል እምነት አለበት። ሕመሙ ዛሬ ትከሻ፣ ነገ ጉልበት ማለቱ ለዚህ ማስረጃ መስሎ ነበር።

ዓረቦች ደግሞ ንፋስ አሉ። «ሪሕ» በዓረብኛ ንፋስ ነው፤ በባህል ሕክምናቸውም የሚዘዋወር የመገጣጠሚያ ሕመም በዚሁ ስም ይጠራል። የእኛው ሪህ ከዚህ ቃል ጋር ድምፁ አንድ ነው። እኛም «ብርድ መታኝ»፣ «ንፋስ ገባኝ» እያልን እንኖራለን። ከሁሉም ስሞች እኔ የምመርጠው ቁርጥማትን ነው። አጥንት የሚቆረጥም ሕመም መሆኑን ይናገራል፤ ከዚያ አልፎ መንስኤውን አውቃለሁ አይልም።

ሐኪሞች ካርድ ላይ የሚጽፉት «አርትራይተስ» ከዚህ ሁሉ የተሻለ ይመስላል፤ ሲፈታ ግን ብዙ አይናገርም። «አርትሮን» መገጣጠሚያ ነው። ከኋላው ያለው «ኢቲስ» በጥንቱ ግሪክ ዝምድናን ብቻ ያሳያል፤ «የመገጣጠሚያ የሆነ (በሽታ)» እንደማለት። ብግነትን፣ ማለትም መቆጣትንና ማበጥን እንዲያመለክት የተደረገው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ስለዚህ «አርትራይተስ አለብዎት» የተባለ ሰው ገና የበሽታውን ስም አልተነገረውም። ከ100 በላይ ዓይነት አለው። «የትኛው አርትራይተስ?» ብሎ መጠየቅ መብት ነው፤ ሐኪም መድፈርም አይደለም።

ክር ላይ የታየው ማስረጃ

መለያየቱ የተጀመረው በፓሪስ ነው። ከ1538 እስከ 1616 የኖረው ጊዮም ደ ባዩ ሩማቲዝምን ከጉንፋንና ከንፍጥ ለይቶ የመላ መገጣጠሚያ በሽታ አድርጎ ገለጸው። መጽሐፉ የታተመው ግን ከሞተ በኋላ፣ በ1642 ነው። በ1683 ደግሞ እንግሊዛዊው ቶማስ ሲደንሃም ስለ ጋውት ጻፈ። ራሱ ለብዙ ዓመታት የታመመበት ሰው ነውና የገለጻው ትክክለኛነት እስከ ዛሬ ያስደንቃል፤ በሰላም የተኛ ሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ አውራ ጣቱን አሞት ሲነቃ፣ የልብሱ ክብደት እንኳ ሲከብደው። ሲደንሃም ሕመሙን እንዲህ ለይቶ ቢያውቀውም ከምን እንደሚመጣ ግን አላወቀም።

መልሱ በኬሚስቶች በኩል መጣ። በ1776 ስዊድናዊው ካርል ሼለ ከሽንት ጠጠር ውስጥ ዩሪክ አሲድን አገኘ። በ1797 ዊልያም ዎላስተን ጋውት ያለበት ሰው ላይ የሚወጣው ነጭ እብጠት ከዚሁ አሲድ ጨው የተሠራ መሆኑን አሳየ። ከዚያም ለንደን ውስጥ አልፍሬድ ጋሮድ የተባለ ሐኪም ተነሣ። በ1848 በጋውት ታማሚዎች ደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ መብዛቱን አረጋገጠ፤ ቀጥሎም ማንም ሐኪም ሊያደርገው የሚችል ምርመራ ፈጠረ። ከታማሚው ደም ጥርት ያለው ውኃ ተለይቶ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ይደረጋል። የኮምጣጤ አሲድ ጠብ ይደረግበታል። ከጨርቅ የተመዘዘ አንድ ክር ይነከርበትና አንድ ሁለት ቀን ይቀመጣል። ዩሪክ አሲድ በደሙ ውስጥ በዝቶ ከሆነ ክሩ ላይ ጥቃቅን ክሪስታሎች ይደረደራሉ፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ክሩ የበረዶ ፍንጣቂ የለበሰ ይመስላል። ያለ ኤሌክትሪክ፣ ያለ ማሽን፣ በአንድ ክር፣ ለዘመናት አንድ ይባሉ የነበሩ ሕመሞች ለሁለት ተከፈሉ፤ ክሩ ላይ የሚታዩትና የማይታዩት።

ክሩ ላይ የማይታየው ሕመም ታሪክ ደግሞ የድሆች ሴቶች ታሪክ ነው። በ1800 ፓሪስ ውስጥ ኦጉስተን ላንድሬ-ቦቬ የተባለ ወጣት ሐኪም ሳልፔትሪዬር ሆስፒታል ያያቸውን 9 ሴቶች መሠረት አድርጎ የመመረቂያ ጽሑፍ አቀረበ። ጋውት የጠገበ የባለጠጋ ወንድ በሽታ ነው በሚባልበት ዘመን እነዚህ ሴቶች ድሆችና ደካሞች ነበሩ። መገጣጠሚያቸው ግን በብዙ ቦታ አብጦ ይጣመም ነበር። ሌላ ስም ስላልነበረው «የደካሞች ጋውት» አለው። ጋሮድ በ1859 ባሳተመው መጽሐፍ ይህ ሕመም ጋውትም ሩማቲዝምም አይደለም ብሎ «ሩማቶይድ አርትራይተስ» ብሎ ሰየመው።

ይህን ስም ልብ ብላችሁ እዩት። «ኦይድ» መምሰልን ያሳያል። ሙሉው ሲፈታ «የሚፈሰውን ሕመም የሚመስል፣ የመገጣጠሚያ የሆነ» ነው። ዛሬ በየሆስፒታሉ የምንጠቀምበት ስም በሽታው ምን እንደሚመስል ብቻ ይነግረናል፤ ምን እንደሆነ አይነግረንም። ጋሮድን አልወቅሰውም፤ ያላወቀውን አውቃለሁ አላለም።

የመጨረሻው ማረጋገጫ በ1961 መጣ። አሜሪካውያኑ ዳንኤል ማካርቲና ጆሴፍ ሆላንደር ካበጠ መገጣጠሚያ በመርፌ ፈሳሽ ቀድተው ልዩ ብርሃን ባለው ማይክሮስኮፕ አዩት፤ የመርፌ ቅርጽ ያላቸው የዩሬት፣ ማለትም የዩሪክ አሲድ ጨው፣ ክሪስታሎች እዚያው ውስጥ ነበሩ። ጋውትን በእርግጠኝነት የሚለየው ምርመራ እስከ ዛሬም ይኸው ነው።

ወደ ሰፈራችን

የጎልማሳውን ሕመም እንመልከት። «ዩሪክ አሲድህ ከፍ ብሏል» የተባለ ሁሉ ጋውት አለበት ማለት አይደለም፤ ከፍ ብሎባቸው ዕድሜ ልካቸውን ሳይታመሙ የሚኖሩ ብዙ ናቸው። በተቃራኒው ሕመሙ በተነሣበት ሰዓት የደሙ ልክ ትክክል ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ቁጥሩ ብቻውን ፈራጅ አይሆንም።

«ብርድ ነው» የሚሉት ሰዎች እዚህ ላይ የእውነት ጭላንጭል አላቸው፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ዩሬት በሙቀት ይሟሟል፤ ቅዝቃዜ ሲያገኘው ቅቤ እንደሚረጋው ይረጋል። ከሰውነት ሁሉ ቀዝቃዛው ዳር የእግር ጣት ነው፤ ሕመሙ አውራ ጣትን የሚመርጥበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የሱሉልታ ሌሊት እግር ቢያቀዘቅዝ አይገርምም። ነገር ግን ካልሲ ደም ውስጥ የበዛውን ዩሪክ አሲድ አይቀንስም። የሚቀንሰው አሎፑሪኖል ነው፤ መድኃኒቱን የሠሩት ገርትሩድ ኤሊየንና ጆርጅ ሂቺንግስ በ1988 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። አሎፑሪኖል የሚወሰደው ሳይታመሙም ጭምር፣ በየቀኑ፣ ለዓመታት ነው። ብዙ ሰው ሕመሙ ሲተወው መድኃኒቱንም ይተወዋል፤ ክሪስታሉ ግን እዚያው አለ። መድኃኒቱን በጀመሩ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቆዳ ላይ ሽፍታ ከወጣ ወዲያው አቁሞ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

ስለ ምግቡም ያልተገባ ፍርሃት አለ። ቀይ ሥጋ፣ ጉበትና ኩላሊት፣ ቢራ፣ በስኳር የጣፈጠ ለስላሳ መጠጥ፣ እነዚህ ዩሪክ አሲድን ይጨምራሉ። ሽሮና ምስር ግን እንደ ሥጋው አይደሉም፤ ከጥራጥሬና ከአትክልት የሚገኘው ፒዩሪን (ሰውነት ወደ ዩሪክ አሲድ የሚለውጠው ነገር) የጋውትን አደጋ ከፍ ሲያደርግ አልታየም። ጾም የያዘ ሰው ሪህ ይነሣብኛል ብሎ ሽሮ የሚተውበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛዋ ታማሚ፣ ሊጥ ማቡካት ያቃታት ሴት፣ ጊዜ የላትም። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚታወቅበት ዋና ምልክት የጠዋት መተሳሰር ነው፤ ጣቶች ከእንቅልፍ በኋላ ከአንድ ሰዓት ለሚበልጥ ጊዜ ደርቀው ይቆያሉ፣ ሥራ ሲሠሩ ይፈታሉ። ሁለቱም እጅ በአንድነት ይታመማል። በአብዛኛው የሚታመሙት የእጅ አንጓና የጣት ሥር መገጣጠሚያዎች ሲሆኑ፣ የጣት ጫፎች ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ። ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ ወራት ከተጀመረ መጣመሙን ማስቆም ይቻላል። የተጣመመ ግን አይመለስም። ለዚህ በሽታ የሚሰጠው ሜቶትሬክሴት የተባለ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው አንድ ነገር አይርሳ፦ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚዋጠው። በስሕተት በየቀኑ መዋጥ ይገድላል። ፅንስንም ስለሚጎዳ ልጅ ለመውለድ ያሰበች ሴት አስቀድማ ለሐኪሟ መንገር አለባት።

የእማማ ሕመም ኦስቲዮአርትራይተስ ይባላል፤ «ኦስቲዮ» አጥንት ነው። ጠዋት መተሳሰሩ ቢኖርም ከግማሽ ሰዓት አያልፍም። ሕመሙ በሥራ ይብሳል፣ በዕረፍት ይቀላል። ከእንጦጦ ጫካ ጀርባቸው እስኪጎብጥ እንጨት ተሸክመው ሲወርዱ የኖሩ እናቶች፣ ብዙ ወልደው የከበዱ ሴቶች፣ ጉልበታቸው በወጣትነቱ የተመታ ወንዶች ላይ ይበዛል። እዚህ ዩሪክ አሲድ መለካት፣ ሥጋ መከልከል፣ ብርድ መሸሽ ለውጥ አያመጣም። የጭንን ጡንቻ ማጠንከር፣ ክብደት መቀነስ፣ ከዘራ መያዝ ነው የሚያግዘው። ደረጃ ሲወጡ ደህነኛውን እግር ማስቀደም፣ ሲወርዱ የታመመውን ማስቀደም። እማማ የብረት መደገፊያውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አንድ ደረጃ በሁለት እግር እየረገጡ ሲወጡ አይቻለሁ፤ በያንዳንዱ ፎቅ ላይ ቆም እያሉ። ማንም ሳያስተምራቸው ደህነኛውን እግራቸውን ነው የሚያስቀድሙት። ለአረጋውያን የመሬት ወለል ቤት የሚሰጥበት መንገድ ቢኖር ከፋርማሲዬ ከምሰጣቸው እንክብል ሁሉ ይበልጥ ይጠቅማቸው ነበር።

ፍልውኃና ሙቀት ቁርጥማትን ያላላል፤ በ1886 አዲስ አበባ የተቆረቆረችውም ቤተ መንግሥቱ ከብርዳማው እንጦጦ ወደ ፍልውኃው በመውረዱ ነው። ጠበል ለሚጠመቅ ሰውም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዲጠመቅ ነው የምለምነው። ወጌሻ ላይ ግን እጨክናለሁ። የጋለ፣ የቀላና ያበጠ መገጣጠሚያ አይታሽም። ትኩሳት ካለ ውስጡ መግል ሊኖር ይችላል፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ካልደረሰ መገጣጠሚያው በቀናት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል።

ልጁን ለመጨረሻ ያስቀረሁት ከሁሉም ስለሚበልጥብኝ ነው። በሽታው ሩማቲክ ፊቨር ይባላል፤ ስሙ አሁንም ያንኑ የጥንቱን «የሚፈስ» ሐሳብ ተሸክሟል። መነሻው ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ተሕዋስ የሚያመጣው የጉሮሮ ሕመም፣ በሰፈር ቋንቋ ቶንሲል ነው። ሰውነት ያንን ተሕዋስ ሲዋጋ ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያና የልብ በሮች ያጠቃል። ይበልጥ የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው። ጉልበት ያብጣል፣ እሱ ሲሻለው ቁርጭምጭሚት ይታመማል፣ ቀጥሎ ክርን። ከዚያ ሁሉም ይድናል፤ ቤተሰብም እፎይ ይላል። ፈረንሳዊው ሐኪም ኧርነስት-ሻርል ላሴግ ይህ በሽታ መገጣጠሚያን ይልሳል፣ ልብን ይነክሳል ብሎ ነበር። በአገራችን በልጆችና በወጣቶች ላይ ከሚታዩት፣ ከውልደት በኋላ ከሚመጡ የልብ ሕመሞች ዋነኛው መንስኤ ይኸው ነው።

እንጥል ማስቆረጥ ተሕዋሱን አያስወጣም፤ ደም መፍሰስና ሌላ መመረዝ ይጨምራል። ጉሮሮው በታመመ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ከተጀመረ ሩማቲክ ፊቨርን መከላከል ይቻላል። አንዴ የያዘው ልጅ ግን በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይወጋል፤ ቢያንስ ለ5 ዓመት ወይም 21 ዓመት እስኪሞላው፣ ከሁለቱ የረዘመውን። ልቡ ከተነካ ከዚያም ይረዝማል። መርፌው የሚሰጠው ለጉልበቱ አይደለም፤ ተሕዋሱ ጉሮሮው ላይ ዳግም እንዳይራባ ነው። ስለዚህ ልጁ ኳስ መጫወት መጀመሩ፣ ጉልበቱ መሻሉ፣ «ሪሁ ለቀቀው» መባሉ መርፌውን ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም። ቀጠሮው ባለፈ ቁጥር ሌላ የጉሮሮ ሕመም የልቡን በር እንደገና ሊያገኘው ይችላል።